የጾም ነው ያልኩት ሾርባ

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አልገባሁም ማለቴ አይደለም። በየጊዜው እገባለሁ፤ ሐሜቴን፣ ኩርፊያዬን፣ ያስታጎልኩትን ቅዳሴ ለንስሐ አባቴ አንድ በአንድ እናገራለሁ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው "ሌላስ፣ ልጄ?" ይሉኛል። እኔም "ሌላ የለም፣ አባ" እላለሁ። ይህን ስል ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ ፊቴም አይለዋወጥም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደብቅ እንቅልፍ ያጣል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ እተኛለሁ። እህሉም ይበላልኛል። የምጽፈው ጸጸት አላስቀምጥ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር፤ ግን እንደዚያ አይደለም። የምጽፈው ያደረግሁትን ስለማውቅ ብቻ ነው።

እኔ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። በልጅነቴ ተድሬ፣ ትዳሩ ሳይሰምር ቀርቶ ወደ እናቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ነው ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ገነተ ማርያም አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የገባሁት። ጎኔ የተቀመጡት ልጆች ልጆቼ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ስለዘገየሁ ይሁን ተፈጥሮዬ ሆኖ አላውቅም፣ ነገር በልኩ ካልተነገረ አልወድም። ሰው "ሩቅ ነው" ካለኝ ምን ያህል ብዬ እጠይቃለሁ። የማነበው መጽሐፍ ላይ ግድፈት ካገኘሁ በእርሳስ አርማለሁ። በመንደራችን "እሷ ያላየችውን አታወራም" ይሉኛል። ይህን የምነግራችሁ ልመካበት አይደለም። ሰው የጎዳሁት በዚሁ ስሜ ነው።

ሥራዬ የአካባቢያችን ገበሬዎች በማኅበር ሆነው በሠሩት የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ቤቱን እይዛለሁ፣ አበስላለሁ፣ ሲያስፈልግ አስተረጉማለሁ። እንግሊዝኛውን የለቀምኩት እንግዶች እያነበቡ ትተዋቸው ከሚሄዱት መጻሕፍት ነው። አንዱ ስለ ባሕር እንስሳት ነበር። እኔ ከተከዜ የሰፋ ውሃ አይቼ አላውቅም፤ ግን ኦርካ የሚሉትን፣ ጀርባው እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ሆዱና የዓይኑ አጠገብ ነጭ የሆነውን ትልቅ የባሕር አውሬ፣ የጎረቤቴን ከብቶች የማውቀውን ያህል አወቅሁት። ልጆቹ ካደጉም በኋላ ከእናታቸው እንደማይለዩ አነበብኩ። ቤተሰቡ በድምፅ እንደሚተዋወቅ አነበብኩ። በሰፊው ባሕር የሚኖረው ሰውን እንደማይበላም አነበብኩ። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ፤ እኔ አውቅ ነበር፤ ፈንታው ግን አያውቅም ነበር።

ፈንታው የታናሽ እህቴ የዘውዴ ባል ነው። ዲያቆን ነበር፤ ደግሞም ከላሊበላ በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው ገዳም፣ ወደ አሸተን ማርያም፣ እንግዳ የሚያወጣ አስጎብኚ። ሳቂታ ሰው ነበር። እኔን "እትዬ መዝገበ ቃላት" ይለኝ ነበር፤ ባልወድለትም አልከለከልኩትም። ከዘውዴ ጋር በቁርባን ነው የተጋቡት። አንዲት ሴት ልጅ ወልደው ያኔ ገና ድክ ድክ ትል ነበር።

አንድ ዓመት ኢንግሪድ የምትባል እንግዳ መጣች። አገሯ ከኖርዌይም ወደ ሰሜን ጫፍ ነው። ክረምታቸው ሲገባ ኦርካዎቹ ትናንሽ ዓሣ እያሳደዱ ወደ መንደሯ ባሕር ይመጣሉ፤ እሷና ጎረቤቶቿም እንደ እኛ ተማኅብረው እንግዳ በጀልባ እያወጡ፣ የጎማ ልብስ እያለበሱ፣ ከአውሬዎቹ ጋር ያዋኛሉ። ፈንታው አሸተን አወጣት፤ እኔ ሽሮ ሠራሁላት፤ መደብ ላይ ተኛች፤ የቀረበላትን ሁሉ ቀመሰች። ስትሄድ ሥራችን አንድ ነውና እናንተም የእኛን መጥታችሁ እዩ አለች። የአፍ ነው ብለን ነበር፤ የአፍ አልነበረም። በዓመቱ ጥሪው መጣ። ማኅበሩ ፈንታውን በአስጎብኚነቱ፣ እኔን በቋንቋው መረጠ። ሲሸኙን አንዱ ሽማግሌ ፈንታውን፣ የጋበዘችህ ሴት የሰጠናትን ሁሉ ቀምሳለች፤ አንተም የሚያደርጉትን ሁሉ አድርግ፣ አገር እንዳታሰድብ ብለው አስጠነቀቁት። እሱም አሜን አለ።

አውሬዎቹ የሚመጡት በታኅሣሥ ነው። ታኅሣሥ ደግሞ የገና ጾም ነው።

ስንቅ ይዘን ነበር፤ በሶና ሽሮ። የስንቁ ሻንጣ መንገድ ላይ ቀረ፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም። ያ ሻንጣ ቢደርስ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ሻንጣ ላይ ማላከክ ግን ምን ይባላል?

የደረስንበት አገር ፀሐይ አይወጣበትም። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ከተራሮቹ ጀርባ ለጥቂት ጊዜ እንደ ማለዳ ይፈካና መልሶ ይጨልማል። ፈንታው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም ነበርና የመጀመሪያው ጥያቄው እሱ ሆነ። ፀሐይ በሌለበት አገር ዘጠኝ ሰዓት መቼ ነው? ስቆ፣ የላሊበላ ፀሐይ ይበቃኛል ብሎ የእጅ ሰዓቱን ሳያዞር ተወው። እዚያ ሆኖ በእኛ አገር ሰዓት ጾመ። ሲፈታም የሚበላው ዳቦና ቅቅል ድንች ነው። ለኢንግሪድ በመጀመሪያው ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደማንበላ፣ እሱ ዓሣም እንደማይነካ ነግሬያት ነበርና ከዚህ ሌላ አላቀረበችለትም።

እኔስ? እኔም ዳቦና ድንች በላሁ። ግን አፈርኩ። በየማዕዱ "ይህን አንበላም፣ ያንን አንበላም" እያልኩ ማስተርጎሙ አሳፈረኝ። ስንት መጽሐፍ አንብቤ፣ ስንት አገር አቋርጬ መጥቼ፣ ዛሬም የምናገረው ስለማልበላው ነገር ነው አልኩ በልቤ። እንዲህ ማሰቤን አልደብቅም።

ሁለታችንም ዋና አንችልም። ልብሱ ግን ሰው ያንሳፍፋል። ወደቡ አጠገብ ጥልቀት በሌለው ውሃ እስክንለምደው አለማመዱን። የእነሱ ደንብ ደግሞ ጥንድ ነው፤ ባሕር የሚገባ ሰው ሁሉ ጥንድ አለው፤ ጥንዱ ካልገባ እሱም አይገባም። የእኔ ጥንድ ፈንታው ነበር።

መጀመሪያ የወጣን ቀን ጀልባዋ ላይ እንዳለ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከንፈሩ ነጣ፤ ጣቶቹ ገመዱን መያዝ አቃታቸው። ኢንግሪድ አየችውና ሁለታችንንም አላስገባም አለች። ሌሎቹ እንግዶች ሲገቡ እኔ ጀልባዋ ላይ ተቀምጬ የኦርካዎቹን ጀርባ ከሩቅ አየሁ። ለዓመታት ያነበብኩት ነገር ድንጋይ ብወረውር የሚደርስበት ቦታ ላይ ሲወጣና ሲገባ አየሁ። ያን ቀን ፈንታው ላይ የተሰማኝን ልናገር። ጠላሁት። ይበርደው ይሆን፣ ይታመም ይሆን አላልኩም። ጾሙ ከባሕሩ አስቀረኝ ነው ያልኩት።

ስንመለስ ኢንግሪድ ወጥ ቤት ጠራችኝ። ሰውነት ስብ ካላገኘ ሙቀት አይሠራም፤ ይህ ሰው በቀን አንዴ ድንች እየበላ ባሕር አላስገባውም፤ ያለ እሱ ደግሞ አንቺም አትገቢም አለች። ከዚያ እንደ መፍትሔ አድርጋ፣ በስልባቦትና በቅቤ ሾርባ ልሥራለት አለች፤ ወዲያው ግን መልሳ፣ ይህ ተከልክሏል አላልሽኝም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ልብ በሉ፣ ጠይቃኛለች። እኔ መልስ አላጣሁም። ለመንገደኛና ለደካማ ይፈቀዳል አልኳት። የሚፈቅደው ካህን መሆኑን አልነገርኳት። ሥልጣኑ የሌለኝ እኔ የሌላ ሰው ጾም ፈታሁ።

በዘይት ሥሪለት ማለት እችል ነበር። ዘይት መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ። አላልኩም። እንዲያውም ዓሣ ልትጨምርበት ስትል፣ ዓሣው ይታያልና ተዪው አልኳት። ስልባቦቱ አይታይም። የእነሱ ቅቤ ደግሞ እንደ እኛ አገር ቅቤ አይሸትም። ይህን ሁሉ በዚያች አፍታ አስቤ ጨርሻለሁ። ሳላስበው አፌ አምልጦኝ ነው የሚለው ማመካኛ ለእኔ አይሆንም።

ሳህኑን ያቀረብኩለት በእጄ ነው።

"እትዬ፣ ይሄ ነገር ነጣ አለሳ?"

"ድንች ነው። ፈጭተውት ነው።"

"የጾም ነው?"

"የጾም ነው።"

አማተበና በላ። ሲጨርስ ሳህኑን በዳቦ ጠረገው። ድንች እንዲህ ከጣፈጠ እኛ ስናበላሸው ኖረናል፤ አሠራሩን ለዘውዴ ያዢላት አለኝ። እሺ አልኩ። በማግሥቱም ሰጠሁት። በሦስተኛውም። ፊቱ ተመለሰ፤ እጁ ጸና። ኢንግሪድም አየችውና አሁን ይገባል አለች።

የገባነው በዚያች የእኩለ ቀን ብርሃን ነው። ኢንግሪድ መሐል፣ እኔና ፈንታው ግራና ቀኝ፣ ከጀልባዋ የተዘረጋ ገመድ ይዘን። ውሃው ፊቴን ሲነካው በጥፊ የተመታሁ መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ ፊት ያለኝም አልመሰለኝም። ፊቴን ውሃው ውስጥ አጥልቄ አየሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፃቸውን ነው፤ እንዳረጀ በር ሲጢጥ የሚል፣ ቀጥሎ ፉጨት። ከዚያ ከሥራችን አለፉ። አንዲት እናት፣ ከጎኗ ግልገሏ። የግልገሏ ነጩ ገና አልጠራም፣ ወደ ብርቱካን ያደላል። ይህን አንብቤው ነበርና በልቤ "ልክ ነው" አልኩ። በዚያች ሰዓት እንኳ ያነበብኩትን እያመሳከርኩ ነበር።

ቀና ስል ፈንታው ገመዱ ላይ የለም።

ማዕበሉ ወስዶታል። ከእኛ ራቅ ብሎ ልብሱ አንሳፎት በጀርባው ተንጋሏል። ከእሱ ወዲያ የጀርባው ክንፍ የሰው ቁመት የሚያህል አንድ ትልቅ ወንድ ኦርካ በዝግታ ይመጣል። ሌሎቹም ዞረው ከበቡት። ጀልባዋ አውሬዎቹ መሐል ሞተር ማስነሳት አልቻለችም። ኢንግሪድ ሳይንቀሳቀስ ይቆይ ብለሽ ንገሪው አለችኝ። እኔ አልጮህኩም። አፌ ደንዝዞ ነበር፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። እያየሁ ነበር። እህቴን አላሰብኳት፣ ልጃቸውን አላሰብኳትም። ሰው አይበሉም የሚለውን መስመር አስቤ ማየቴን ቀጠልኩ። ትልቁ አጠገቡ ሲደርስ በጎኑ ተጋደመና በአንድ ዓይኑ አየው። ቆየ። ከዚያ ሁሉም ሰጥመው ሄዱ።

ጎትተው ሲያወጡት ጥርሱ አይንገጫገጭም ነበር። ፊቱ ያበራል። እጄን ያዘና፣

"አልበረደኝም፣ እትዬ። ምንም አልበረደኝም። ጾሜ ናት የጠበቀችኝ" አለ።

ኢንግሪድ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። አልበረደኝም ይላል ብዬ የቀረውን ዋጥኩት። እሷ ሳቀችና፣ የሾርባዬ ሥራ ነው በይው አለችኝ። እኔ ወደ እሱ ዞሬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች አልኩት። አስተርጓሚ ነበርኩ። ሁለቱ መሐል ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። በአንዲት አፍታ ሁለቱንም ዋሸሁ፤ ሁለቱም አመሰገኑኝ።

እስከምንመለስ ድረስም ሾርባውን መስጠቴን አላቋረጥኩም። ካቋረጥኩ ለምን ብሎ ይጠይቃላ።

አገር ቤት ስንገባ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፈንታው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሲያወራ ሰው ከቦት ይቆማል። አያ ካሴ የሚባሉት ጎረቤታችን፣ ነገሩን ሁሉ ቀልድ የሚያደርጉት፣ "እንግዲህ ያ ሁሉ አውሬ ያልቀመሰውን ሰው የእኛ ጅብ ምን ሊያደርገው፤ ከዛሬ ጀምሮ የማታ ጥበቃው አንተ ነህ" ብለው አሳቁበት። እሱም ሳቀ። ግን ሳቁ ከቀን ቀን እያነሰ ሄደ። ዘውዴ ያን ሾርባ ለመሥራት ስትሞክር፣ ድንቹን ቀቅላ ፈጭታ ስታቀርብለት፣ ቀመስ አድርጎ "አይ፣ ይሄ እንኳ የሰው እጅ ነው" አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ያንን ሾርባ ራሱ ከሰማይ የመጣ አድርጎት ነበር።

ፋሲካ ሲያልፍ እመነኩሳለሁ አለ። የዳነች ነፍስ የእኔ አይደለችም፤ ያዳናት ይፈልጋታል አለ። ባለ ቁርባን ሰው ሚስቱ ወዳ ይሁን ካላለች አይመነኩስምና ነገሩ ዘውዴ ላይ ወደቀ።

ወደ እኔ መጣች። የማረፊያውን አንሶላ አጥቤ እየጨመቅሁ ነበር። የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘችና እኔ ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ እያዞርን ጨመቅነው። ዓይኗ አብጧል።

"እታለም፣ ሌላ ሴት ብትሆን ፀጉሯን እነጭላት ነበር። ከእግዜር ጋር እንዴት ብዬ ልታገል?"

አንሶላውን አንድ ዙር ጨምሬ አጠበቅሁት።

"አንቺ ያላየሽውን አታወሪም። አንቺ ንገሪኝና ልመን። ከበውት ነበር? ሳይነኩት ሄዱ?"

"ከበውት ነበር። ሳይነኩት ሄዱ። በዓይኔ አይቻለሁ።"

አንሶላውን ለቀቀችው። በዚያው ሳምንት ካህኑ ፊት ቆማ ይሁን አለች።

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ከበውት ነበር፤ ሳይነኩት ሄዱ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በልኩ የምትናገር ሴት በልኩ ተናገረች። ስለ ጾሙ አልጠየቀችኝም። ባትጠይቀኝስ? ስለ ምን ብላ ትጠይቅ? የጾመ ሰው መጾሙን ማን ይጠራጠራል? "ዘውዴ፣ ቅቤ አብልቼዋለሁ፤ አውሬዎቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሰው አይበሉም" ማለት በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነገር ነበር። ያን አንድ ትንፋሽ ነፈግኋት። ምክንያቴ ረቂቅ አይደለም። በሕይወቴ ያለኝ ያ ስሜ ብቻ ነው፤ ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ "እሷ ያላየችውን አታወራም" ብቻ ነው ያለኝ። ስሜን ከእህቴ ትዳር አስበለጥኩ።

ፈንታው አባ ኃይለ ማርያም ተብለው አሸተን ገቡ። ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ስመ ምንኩስናቸውን የሰጣቸው የእኔ ሾርባ ቢሆንም።

ከዚያ አገሩ ላይ ክፉ ቀን፣ ጦርነት መጣ። እንግዳ ጠፋ፣ ማረፊያው ተዘጋ። ዘውዴ ልጇን አዝላ ገደል ለገደል የሸሸችው ብቻዋን ነው። መሬቱን ለሰው በእኩል ሰጥታ በግማሽ እህል ትኖራለች። ባል አላት እንዳይባል የለም፤ ሞተ እንዳይባል ተራራው ላይ አለ። ከደጇ ቆማ ቀና ካለች ያለበት ይታያታል። ልጅቱ አባትሽ የት ነው ሲሏት በጣቷ ወደ ላይ ትጠቁማለች።

ይህን ሁሉ እያየሁ ኖርኩ። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ግን ዘውዴ ባቄላ እየለቀመች፣ ማንንም ሳታይ፣ "እኔ ብረክስበት ነው እንጂ እግዜር ስንት ሰው እያለ የእኔን ባል ለምን ይወስዳል" አለች። እንዳዘንኩላት ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። የተሰማኝ ሌላ ነው። ልክ አይደለም አልኩ። ስሕተት ነው፣ መታረም አለበት አልኩ። መጽሐፍ ላይ ግድፈት ሳይ የሚሰማኝ ያው ነው።

ጧፍና ዘቢብ ይዤ አሸተን ወጣሁ። አባ ኃይለ ማርያም ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔን ራቅ ብዬ እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ። ከስተዋል። ጢማቸው ደረታቸው ላይ ደርሷል። እትዬ አላሉኝም፤ እኅቴ አሉኝ። የማወራው አልጠፋኝም፤ መንገዱን ሙሉ አስተካክዬው ነበር።

"አባ፣ እዚያ አገር ያቀረብኩልዎ ሾርባ የጾም አልነበረም። ስልባቦትና ቅቤ ነበረው። እያወቅሁ ነው የሰጠሁዎ።"

ሲናገሩ ድምፃቸው የቀድሞው የፈንታው ድምፅ ነበር።

"ከውሃው በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም ነበር። የቀረውን ሁሉ አስቤ፣ እሱን አላሰብኩም። ዓይናቸው ሲለምነኝ አየሁ። የለመኑኝ ምን እንደሆነም አውቄያለሁ። በፊት ከሆነ ያዳናቸው ጾም የለም። ጾም ከሌለ የተራራው ዓመታት፣ የዘውዴ ይሁንታ፣ ያለ አባት ያደገችው ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ሳህን ሾርባ ላይ የቆመ ነው።

"በኋላ ነው" አልኩ።

ትከሻቸው ረገብ አለ። "ተመስገን" አሉ በለሆሳስ። ቀጥለው እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ "እግዚአብሔር ይፍታሽ። ስለ እነዚያ ቀናት እኔ እሰግዳለሁ" አሉኝ። ሊነሡ ሲሉ ዘውዴ ደኅና ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደኅና ናት አልኳቸው።

በኋላም ሰጥቻቸዋለሁና ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ተራራውን ስወርድ ለራሴ ያልኩት ይህንን ነው። አያችሁ? አሁንም ያው ነኝ። እውነት የሆነውን ቁራጭ መርጬ እሰጣለሁ፤ የቀረውን ለራሴ አስቀራለሁ።

እዚህ ላይ፣ አዝኜላቸው ነው፣ የአንድ መነኩሴ እምነት እንዳይፈርስ ብዬ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። እምነታቸውን ለመጠበቅ የምዋሽ ሴት ብሆን ከመጀመሪያው ጾማቸውን ባልነካሁ ነበር። የፈራሁት ሌላ ነው። "በፊት ነው" ካልኩ ተራራውን ወርደው ዘውዴ ደጅ ይቆማሉ። እሷ ትወጣለች። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን ያዩኛል። እኔ ትልቁ አውሬ ፈንታውን በአንድ ዓይኑ ሲያየው ሳልጮህ ያየሁ ሰው፣ እነዚያን ዓይኖች ለመቋቋም አቅም አላገኘሁም።

ቤት ስደርስ ዘውዴ እንጨት ትፈልጥ ነበር። ከአሸተን መመለሴን አውቃ "ስለ እኔ ጠየቀ ወይ?" አለችኝ። አዎ፣ ጠየቁ አልኩ። ይህም እውነት ነው። መጥረቢያውን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት አላወቅሁም፤ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ወዲህ ከአሸተን የሚወርዱ ሰዎች አባ ኃይለ ማርያም ስግደት አበዙ፣ ጉልበታቸው ቆሰለ ይላሉ። የሚሰግዱት ስለ እኔ ቅቤ ነው፤ ያውም ስለ ግማሹ።

ከውሃው በፊት ነበር። ሦስት ቀን በፊት፣ በእጄ፣ ዘይቱ መደርደሪያው ላይ እያለ። ይህንን ዓረፍተ ነገር ያለ ጉድለት መጻፍ እንደምችል አሁን አየሁት። መናገር ያለብኝ ሁለት ሰዎች ግን አያነቡትም። ዘውዴ ፊደል አልቆጠረችም፤ አባ ከጸሎት መጽሐፍ በቀር አይነኩም። የጻፍኩት ይህን እያወቅሁ ነው። ለእናንተ ለማላውቃችሁ መናገር ለእነሱ እንደ መናገር አይከብድም፤ ስላልከበደኝም ነው የተናገርኩት።

ስለዚህ ይፍታሽ አትበሉኝ። አንድ ጊዜ ተብያለሁ፤ የተፈታሁትም ዋሽቼ ነው።